«ሰምቼዋለሁ» ያላት ዕለት

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጉሙ ገና ከወንዙ ላይ አልተነሣም ነበር። ጎራዝድ የሱቁን መስታወት በጋዜጣ ሲወለውል ቆይቶ ቀና ቢል፣ ከመስታወቱ ማዶ አንዲት ሴት ቆማለች። ግራጫ ካፖርት ለብሳለች፤ አንገቷ ላይ የጠመጠመችው ሻርፕ እስከ አፏ ሸፍኗታል። ዓይኖቿን ግን አልሸፈናቸውም። ጎራዝድ እነዚያን ዓይኖች ካየ ዐሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ግን ትናንት የተለያቸው ይመስል ወዲያው አወቃቸው።

ዢቫ ነበረች። የፕሮፌሰር ከርሼቫን ልጅ፣ ተቀምጠው የሚጫወቱትን ትልቁን ቫዮሊን፣ ቼሎን፣ የምትጫወተው ዢቫ።

በሩን ከፍታ ገባች። እሷም አወቀችው፤ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«እንደምን አደሩ» አለችው።

አንድ ጊዜ ጭኗ ላይ ራሱን አስደግፋ ጠጉሩን የደባበሰች ሴት ናት ዛሬ «አደሩ» የምትለው። ጎራዝድ ጋዜጣውን በእጁ ጨምድዶ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንኳን ደህና መጡ» ሲል ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

የሱቁ ባለቤት አቶ ሎይዜ ከጠረጴዛቸው ኋላ ብድግ አሉ። ስድሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ገበያተኛ ሲያዩ ወገባቸውን ማመሙን ይረሳሉ።

«ወደ ትክክለኛው ሰው ነው የመጡት እመቤቴ! በዚች በሉብልያና ከተማ እንደ ጎራዝድ ስፒከር የሚመርጥ የለም። አንድ ጉድ ብቻ አለበት። እቤቱ አንድም ስፒከር የለውም! ልብስ ሰፊ ራቁቱን ሲሄድ አይተው ያውቃሉ? እነሆልዎ!»

ዢቫ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከዚያ ወደ ጎራዝድ ሳትመለከት የመጣችበትን ተናገረች። አባቷን ባለፈው ግንቦት ስትሮክ መትቷቸዋል። ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው አይታዘዙም። ኮንሰርት መሄድ ቀርቷል። እቤት ያለው የድሮ የሙዚቃ መሣሪያ ደግሞ አምፕሊፋየሩ ለብቻ፣ ሽቦው ለብቻ፣ ቁልፉ መዓት ነው፤ በአንድ እጅ አይሆንም።

«እንግዲያው አምፕሊፋየሩ እሆዱ ውስጥ ያለውን ስፒከር ነው የሚፈልጉት» አለ ጎራዝድ። ስለ ሥራው ሲያወራ ትንፋሹ ተመለሰለት። «ሲዲ ማጫወቻውን በቀጥታ መሰካት ነው። ማስነሻና ማጥፊያው በእጅ ይያዛል። ክፍሉ... ሰፊ ነው?»

«ያውቁት የለም እንዴ?» አለች።

የሁለቱም ፊት ቀላ። አቶ ሎይዜ አንዱን አንዱን እያዩ ድንገት ወገባቸው አሟቸው ወደ ጓዳ ገቡ።

ጎራዝድ ወንበሩን መሐል አድርጎ አስቀመጣትና ሦስት ጥንድ ስፒከሮች መርጦ ተራ በተራ አሰማት። የመጀመሪያው ትልቅና ግርማ ያለው ነበር፤ ግን ወፍራሙ ድምፅ ክፍሉን ሞልቶ ይጮኻል። «የአባትዎ ክፍል ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ይኼ እዚያ ሲገባ እንደ በሬ ያገሳል» አላትና አጠፋው። ሁለተኛው ቫዮሊኑን ጥርት አድርጎ ያወጣል፤ ቼሎው ላይ ሲደርስ ግን ይከሳል። ሦስተኛው ትንሽ የእንጨት ሣጥን ነው፤ መልክ የለውም። ማንም ገበያተኛ በዓይኑ አይመርጠውም።

ቼሎው ሲነሣ ዢቫ ዓይኖቿን ጨፈነች። ጎራዝድ እስኪጠግብ አያት። ከዓይኗ ሥር ድሮ ያልነበሩ ስስ መስመሮች አሉ። የቀለበት ጣቷ ላይ ወርቅ አለ።

«ቼሎው የት ጋ ነው የተቀመጠው?» ብሎ ጠየቃት። «መሐል ነው? ወይስ ወደ አንዱ ጎን ያዘነብልብሻል?»

ሁልጊዜ ገበያተኛን እንዲህ ይጠይቃል። ሰዎቹ አክብሮት ይመስላቸዋል፤ «እንደ ሌላው ሻጭ በግድ አይጭንብህም፤ የአንተን ጆሮ ነው የሚያምነው» እያሉ ለወዳጅ ያወሩለታል። እውነቱን ከእናቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ጆሮ ደግፍ ይዞት ግራ ጆሮውን ገድሎበታል። በቀኝ ጆሮው ጣፋጩን ከሻካራው ለመለየት የሚስተካከለው የለም። ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ግን አያውቅም። ለዚያ ሁለት ጆሮ ያስፈልጋል።

ዢቫ ዓይኗን ገለጠች። «አንቺ» ማለቱ አላመለጣትም።

«መሐል ነው። ይኼ ይሁን» አለች። ከዚያ ለራሷም ሳታስበው ያ ሁሉ ትሕትና ከአፏ ወደቀ። «ለምንድነው ሰውን የምትጠይቀው? አንተ ራስህ አትሰማም?»

«እሰማለሁ» አለ፤ እንደ ልማዱ ዋሸ።

«አዎ፣ መስማትስ ትሰማለህ። አንተ የምታውቅበት ሰምቶ ዝም ማለት ነው።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ሊጠይቃት ከንፈሩን ሲያላቅቅ፣ ተነሥታ ሻርፗን መጠቅለል ጀምራለች።

«ቤቱ ያው ሚርዬ ሰፈር ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ አምጡልን። ሐሙስ ወደ ቪየና እመለሳለሁ፤ ባለቤቴና ልጄ ይጠብቁኛል።»

የመጨረሻዎቹን ቃላት ስትል ድምፅዋ አልጠነከረም፤ አልለሰለሰምም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ጎራዝድን ያንገበገበው ባል እንዳላት መስማቱ አልነበረም፤ ዓይኗ ውስጥ ያየው ቂም ነው። ሲያስበው ቂም ሊይዝ የሚገባው እሱ ነበር።

*

ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት ጎራዝድ በሙዚቃ አካዳሚው ለኮንሰርት ገመድ የሚዘረጋ ልጅ ነበር። ዢቫ ልምምድ ጨርሳ ስትወጣ ቼሎዋን ከነሣጥኑ ደረጃ ለደረጃ ተሸከመላት፤ በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በሳምንቱ «ቼሎውን ነው ወይስ እኔን ነው የምትፈልገው?» አለችው። እንዲያ ነበር የጀመሩት።

በወንዙ ዳር አብረው ሲሄዱ ሁልጊዜ በቀኙ በኩል ያደርጋታል። «ከብስክሌቶቹ እየከለልከኝ ነው አይደል? አንተኮ ጨዋ ነህ» ትለዋለች። እሱም አይክድም። ልነግራት ይገባል ይል ነበር፤ ነገ፣ ከነገ ወዲያ።

ከዚያ እቤቷ ምሳ ተጠራ። የጎራዝድ አባት አውቶቡስ ነጂ ናቸው፤ ቤታቸው ፉዢኔ ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። የሚርዬው ቤት ግን የአትክልት ቦታ፣ ፒያኖና እስከ ጣሪያ የሚደርስ መጽሐፍ ነበረው። ፕሮፌሰሩ የአባቱን ሥራ ጠየቁት፤ ነገራቸው። እሳቸው አይብ የተጠቀለለበትን ትኩስ ሽትሩክሊ እያነሡለት ሳቅ አሉ።

«አውቶቡስ መንዳት ነውር አይደለም ልጄ። እዚህ ቤት የሚገባ ሰው ግን ጆሮ ይኑረው! ጆሮ ለሌለው ሰው ልጄን አልሰጥም!»

ማዕዱ ሁሉ ሳቀ። ጎራዝድም ሳቀ። በዚያች ቀን ምላሱን ለዘለዓለም ቆለፈው።

በሁለተኛው ዓመት፣ የሊንደን ዛፍ ሲያብብ፣ ዢቫ አንድ ሲዲ አምጥታ ሰጠችው። አካዳሚው ስቱዲዮ ውስጥ ራሷ ቀድታዋለች። «ብቻህን ሆነህ አዳምጠው። በደንብ አዳምጠው፤ ከዚያ ንገረኝ» ብላው ሮጠች።

እቤት ሲደርስ አባቱ ከሌሊት ፈረቃ ገብተው ተኝተዋል፤ ግድግዳው ስስ ነው። ጎራዝድ የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቆ ሰማው። አንድ ቼሎ ብቻ ነው፣ ዝግ ያለ ዜማ። ሦስት ጊዜ ሰማው፤ በሦስተኛው አለቀሰ።

በማግስቱ ድልድዩ ላይ ጠበቀችው።

«ሰማኸው?»

«ሰምቼዋለሁ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ታዲያ...?»

የወደደውን ያህል የሚገልጽበት ቃል ፈልጎ ፈልጎ፣ «እንዲህ የምትጫወት ሴት እዚህ ከተማ ውስጥ መቅረት የለባትም» አላት። ከዚህ የበለጠ ሙገሳ አያውቅም ነበር።

ፊቷ ወረቀት መሰለ። «ሌላ የምትለኝ የለም?»

«ምን ይጨመርበታል? ሙሉ ነው።»

ፊቷን ወደ ወንዙ መልሳ «እሺ» አለች። በሦስተኛው ሳምንት ቪየና ሄደች። ሁለት ደብዳቤ ጻፈላት፤ አንድ ፖስትካርድ መጣለት። «መልስህን ሰጥተኸኛል። አከብረዋለሁ» ይላል። ጎራዝድ ያን ካርድ የፕሮፌሰሩ ቤት የጻፈው አድርጎ አነበበው። የአውቶቡስ ነጂው ልጅ በቃ ተባለ አለ። ኮራ፤ ሦስተኛ ደብዳቤ አልጻፈም።

እሑድ ጠዋት ይህን ሁሉ እያሰበ የእንጨት ሣጥኖቹን እቤቱ መስኮት ሥር አቆማቸው። ዕቃ ሳይፈትሽ ለሰው ቤት አያደርስም። «ሰምቶ ዝም ማለት» የሚለው አነጋገሯ ሌሊቱን ሙሉ ሲኮሰኩሰው አድሯል። ከመሳቢያው ሲዲውን አወጣ። በጆሮ ማዳመጫ መቶ ጊዜ ሰምቶታል፤ በስፒከር ግን አንድም ቀን አልሰማውም። እቤቱ ስፒከር ኖሮ አያውቅማ።

ቼሎው ተነሣ። ክፍሉ ሞላ። ጥቂት እንደሄደ አንድ ሰው የሚያንሾካሹክ መሰለው።

ጎረቤት ይሆናል ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ሹክሹክታው አለ። እንዲህ ያሉ ስፒከሮች አንዳንዴ የሬዲዮ ጣቢያ ይጠልፋሉ፤ ገመዱን ነቅሎ ሰካው። አሁንም አለ። ከየት እንደሚመጣ ሊለይ አልቻለም፤ ስለዚህ ተንበረከከና ቀኝ ጆሮውን በመጀመሪያ በቀኙ ሣጥን ላይ ለጠፈ። ቼሎ ብቻ። እየዳኸ ወደ ግራው ሄደና ጆሮውን ለጠፈ።

የዢቫ ድምፅ ነበር።

«...ጎራዝድ፣ ፊት ለፊት ልነግርህ አፈርኩ። ከቪየና ደብዳቤ መጥቶልኛል። አባቴ ሂጂ ይላል። እኔ ግን ካንተ መለየት አልፈልግም። አትሂጂ ካልከኝ አልሄድም። አብረን እንሂድ ካልከኝም ነገ ጓዜን እጠቀልላለሁ። ድህነቱን አልፈራውም፤ አንተን ማጣት ነው የምፈራው። ሰምተኸኝ ዝም ካልክ ግን መልስህ እሱ ነው ብዬ እቀበላለሁ። ዳግመኛ አላነሣብህም...»

ያች ልጅ ቼሎዋን በአንደኛው ወገን፣ ልቧን በሌላው ወገን ቀድታ ነበር የሰጠችው። የጆሮ ማዳመጫው ለየጆሮው የየራሱን ወገን ብቻ ስለሚያሰማ፣ የልቧ የደረሰው ለሞተው ጆሮው ነው።

ጎራዝድ ዜማው ካለቀ በኋላም ከወለሉ አልተነሣም። «ሰምቼዋለሁ» ያላት ዕለት፣ «እዚህ መቅረት የለባትም» ያላት ዕለት፣ ያ ወረቀት የመሰለ ፊቷ ድልድዩ ላይ እንዳለ መጣበት። ሣጥኑን አቅፎ፣ ጉንጩን ለጥፎ፣ እንደ ልጅ አለቀሰ።

*

ሰኞ የሚርዬውን ቤት በር የከፈተችለት ዢቫ ናት። ፕሮፌሰሩ መስኮት አጠገብ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። የፊታቸው ግራ ጎን ወርዷል፤ ንግግራቸው ዝግ ብሏል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው።

«ገመድ ተሸካሚው ልጅ!» አሉ። «ሸበትክ እኮ።»

«እርስዎም አልቀሩም ፕሮፌሰር።»

«እኔማ ሸብቼም ጨረስኩ» ብለው ሳቁ።

ዢቫ ሻይና የዋልነት ዳቦ አቀረበች፤ ቀና ብላ ግን አላየችውም። ጎራዝድ ሣጥኖቹን ከግድግዳው ራቅ አድርጎ አቆመ፣ ሰካ፣ ማስነሻውን በፕሮፌሰሩ ቀኝ እጅ አስያዛቸው። ቪየና ውስጥ ዢቫ ከጓደኞቿ ጋር የቀረጸችውን ሲዲ ከፈቱ። ሽማግሌው ፊታቸው በራ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጥቂት አዳመጡና ቅንድባቸውን ሰበሰቡ።

«ቼሎው ትንሽ ወደ ቀኝ አልሸሸብህም? መሐል መሆን ነበረበት።»

«እርስዎ ምን ይላሉ?» የምትለው የዘወትር ማምለጫው ምላሱ ጫፍ ላይ መጣች። ዕድሜውን ሙሉ አላሳፈረችውም። ጎራዝድ ዋጣት።

«አላውቅም ፕሮፌሰር። ማወቅም አልችልም። ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ምንም ሰምቶ አያውቅም።»

ዢቫ ኩባያዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው።

ፕሮፌሰሩ ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ በግማሽ ፊታቸው ፈገግ አሉ። «ያንተም ግራህ ሞቷል በለኛ! ይኸው የኔም። ሁለት ቀኝ ይዘን ተፋጠናል! ታዲያ ምን አለበት፣ ለምን ድሮ አልነገርከንም?»

«እዚሁ ማዕድ ላይ፣ ጆሮ ለሌለው ሰው ልጄን አልሰጥም ብለው ነበር።»

«እኔ?» አሉ ሽማግሌው። ከልባቸው ሊያስታውሱ ሞከሩ፤ አልመጣላቸውም። «ብዬም እንደሆነ የወይን ጠጅ ወሬ ነው ልጄ። ጆሮ ስል ሙዚቃ የሚወድ ሰው ማለቴ ይሆናላ! ሐኪም ነኝ እንዴ የሰው ጆሮ የምመረምረው?»

ዢቫ ኩባያውን አስቀምጣ ከክፍሉ ወጣች።

ጎራዝድ የግራውን ሣጥን ጥቂት አዙሮ፣ «እስኪ እንዲህ ያዳምጡት» ብሏቸው ተከተላት። መተላለፊያው ውስጥ ካፖርቶች በተሰቀሉበት ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ጀርባዋን ነው የሰጠችው።

«በምን ነበር ያዳመጥከው?»

«በጆሮ ማዳመጫ። አባቴ ተኝቶ ነበር።»

«በጆሮ ማዳመጫ» አለች፤ ሳቅ የመሰለ ነገር አመለጣት፤ መጨረሻው ግን ሳቅ አልነበረም።

«የሰማሁት ትናንት ነው ዢቫ። ትናንት ጠዋት።»

ዞር አለች። ዓይኖቿ ሞልተዋል።

«ዐሥራ ሁለት ዓመት! አንድ ጆሮዬ አይሰማም ለማለት? ይህችን ለማለት? ንቀኸኝ መስሎኝ፣ ሰምተህ የናቅከኝ መስሎኝ ስንት ዓመት ራሴን ስጠላ እንደኖርኩ ታውቃለህ? ቪየና የመጀመሪያው ክረምት ላይ ቼሎዬን መንካት አስጠልቶኝ ነበር!»

«የምታፈቅሪው ሰው ግማሽ ደንቆሮ ነው ብዬ እንዴት ልንገርሽ? አንቺ እኮ ከመዝሙር የተሠራሽ ሴት ነበርሽ።»

«ከሥጋ ነው የተሠራሁት!» አለችው ደረቷን እየመታች። «ከሥጋ፣ ጎራዝድ! ብትነግረኝ ኖሮ በቀኝህ ቆሜ እጮህልህ ነበር!»

እሱ ቀስ ብሎ፣ «አንቺስ ለምን በአፍሽ አልጠየቅሽኝም?» አላት።

«ፈርቼ። እምቢ ስትለኝ ፊትህን ላላይ ብዬ። ለካ ሁለታችንም ፈሪዎች ነበርን» አለች። ቁጣዋ ሁሉ በአንድ ጊዜ ደከመ። እጇን አንሥታ ጉንጩን ልትነካ ቃጣችና እጇ አየር ላይ ቀረ፤ ቀለበቷን ያየችው ያኔ ይሆናል።

«ያኔ ብትሰማው ኖሮ ምን ትለኝ ነበር?»

ጎራዝድ አፉን ከፈተ። ቃሉ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ሳይፈልገው መጣለት።

«ተው!» አለችው በፍጥነት። «አትንገረኝ። ባሌ ደግ ሰው ነው። አልበደለኝም። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ወደ መስኮቱ እየሮጠች ነው የምትጠብቀኝ። መልሱን ይዤ ከገባሁ ያ ቤት ከዚያ በኋላ ቤቴ አይሆንም። እለምንሃለሁ፣ አትንገረኝ።»

ቃሉን ዋጠው። በሕይወቱ እንደዚያ የከበደ ነገር ውጦ አያውቅም። «አልነግርሽም» አላት።

ከክፍሉ የሽማግሌው ድምፅ መጣ። «ዢቫ! ነይ ስሚ! መሐል ገባ!»

«መጣሁ አባባ» አለች። ፊቷን በሁለት መዳፏ ጠረገች። ልትሄድ ስትል ቆመች፤ ሙሉውን፣ ከጫማው እስከ ሽበቱ፣ እንደሚሰናበት ሰው ሳይሆን ዘግይቶ እንደደረሰ ሰው አየችው። ከዚያ ገባች።

*

ውጭ ጉሙ ወርዷል። የአውቶቡሱ መጠበቂያ ወንበር ላይ አንዲት አሮጊት ጎመንና ካሮት የያዘ ቦርሳ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ጎራዝድ ቆመ። በጉሙ ውስጥ የአውቶቡስ መብራት ከሩቅ ሲታይ፣ አሮጊቷ ቦርሳቸውን ሰብስበው ሊነሡ ሲሉ፣ ለዢቫ ያልነገራት ቃል ሳይፈቅድለት ወጣ።

«አትሂጂ።»

አሮጊቷ ዞር አሉ። «እኔን ነው ልጄ?»

«አይደለም... ይቅርታዎን እናቴ። እርስዎን አይደለም። አውቶቡስዎ መጥቷል።»

ሴትየዋ ፊቱን አዩት። አውቶቡሱ ቆሞ በሩ ተከፈተ፤ ነጂው ጠበቃቸው። አሮጊቷ በእጃቸው ሂድ ሂድ ብለው ሸኙትና ቦርሳቸውን ወደ ጉልበታቸው ስበው ለጎራዝድ ቦታ ለቀቁለት።

«ሌላ ይመጣል» አሉ። «ና፣ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ለማን እንደተባለ አልጠየቁትም። እሱም አልነገራቸውም። ቃሉ አንድ ጊዜ ወጥቶ፣ ሰው ሰምቶት፣ ሰምቶትም ቀርቶለት ነበር፤ ግን ሰሚዋ ዢቫ አልነበረችም። ጎራዝድ ይህን ሲያስብ እንባው መጣ፤ አሮጊቷም እንዳላየ ሰው ወደ ጉሙ ተመለከቱ።